ልጆች ወደ ሐውልቶቹ ሲሄዱ

ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ጦርነት መታሰቢያዎች ሲወስድ ከወላጅ የሚጠየቀው የፈቃድ ፊርማና የምሳ ዕቃ ነው። ቤተሰብ ግን ከዚያ በላይ ማሰነቅ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት መታሰቢያዎች በአንድ ቀን ይዳረሳሉ። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን ድል ይዘክራል። የስድስት ኪሎው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለተጨፈጨፉት ሰማዕታት የቆመ ነው። የአራት ኪሎው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ መዲናቸው የተመለሱበትን ቀን ያስታውሳል። ጣሊያን ከተማዋን የያዘችውም ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት ነበር።

ለልጅ የሚከብደው ስድስት ኪሎ ነው። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች ግድያውን ያሳያሉ። ትንንሾቹን አስቀድመው ያዘጋጇቸው፤ «የሞቱት ሰዎች እንዳይረሱ የተሠራ ነው» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩ ሲጠይቁ ይደርሳል።

አያቶችም ከወላጆቻቸው የሰሙትን በዋዜማው ያውጉ፤ ማን ዘመተ? ማን ስንቅ አዘጋጀ? ማን ሳይመለስ ቀረ? የሚታወቅ የቤተሰብ ታሪክ ከሌለ፣ ልጁ አስጎብኚውን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አብራችሁ አዘጋጁ፤ ለምሳሌ «እስከ ዓድዋ ድረስ ያን ሁሉ ሠራዊት ማን መገበው?»

ሲመለስ ዓመተ ምሕረት አይፈትኑት። ምን እንዳሳዘነው፣ ምን እንዳኮራው ይጠይቁት። በዚያን ጊዜ የወረረንን የፋሺስት መንግሥትና የዛሬውን ጣሊያናዊ ለይተው ያስረዱት። ልጅ ከሐውልት ሥር ጥላቻ ይዞ እንዳይመለስ መጠበቅ ከአስጎብኚው ይልቅ የቤተሰብ ሥራ ነው።