ያውቁ ኖሯል? መሸሸጊያው መቃብር ሆነ

ድሬዳዋ የደረሰ ጎብኚ ፖርክ ኤፒክ ዋሻን የሚያየው ለቅድመ ታሪክ ሥዕሎቹ ነው። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የዘረት ዋሻ ግን የጦርነት ታሪክ አለው።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ አርበኞች ቤተሰቦች፣ ቁስለኞችና አረጋውያን እዚህ ተጠልለው ነበር። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ዋሻውን ከቦ፣ በጄኔቫው ስምምነት የተከለከለውን የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት መካከልም ብዙ መቶ ሰዎችን ረሸነ።

ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ቦታውን ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ነው። በኋላ የገቡት አርኪዮሎጂስቶች በጨለማው ውስጥ የእህል ማከማቻ ቅሪት፣ የሸክላ ስባሪና የሰው አጥንት መዝግበዋል።

ወደዚያ ከዘለቁ አንዲት ስባሪ እንኳ አያንሱ፤ የቆሙት መቃብር ላይ ነውና።