የጣሳው ስም ስንት ያስከፍላል?

አሜሪካ ውስጥ የሕፃን ዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ሊገዛ የገባ ወላጅ ዋጋቸው የተራራቀ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ያገኛል። ታዋቂዎቹ ሲሚላክና ኤንፋሚል አሉ፤ ከትልልቅ ሱቆች ዋልማርት «ፓረንትስ ቾይስ»፣ ታርጌት ደግሞ «አፕ ኤንድ አፕ» እያሉ በራሳቸው ስም የሚሸጧቸውም አሉ። ለልጅ ሲሆን እጅ ወደ ውዱ ይሄዳል። የእናት አንጀት ነውና አይፈረድበትም። ሆኖም በዚህ ሸቀጥ ላይ ውድነት የጥራት ምልክት አይደለም፤ ይህን ያደረገው ደግሞ ሕግ ነው።

ሕጉ የመጣው በሕፃናት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሲንቴክስ የተባለ ኩባንያ ከአኩሪ አተር በሚያመርታቸው የሕፃናት ምግቦች ላይ ይጨምር የነበረውን ጨው አስቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት በክሎራይድ እጥረት የታመሙ ሕፃናት መታየት ጀመሩ። ኮንግረሱ በ1980 የሕፃናት ፎርሙላ ሕግን አወጣ። ዛሬ ማንኛውም ፎርሙላ 30 ንጥረ ነገሮችን ከተወሰነ መጠን ሳያንስ መያዝ አለበት፤ ለ10ሩ ደግሞ ጣሪያም ተበጅቷል። አዲስ ምርት ገበያ ሊያወጣ ያሰበ አምራች ከ90 ቀን በፊት ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ማሳወቅ ይኖርበታል። ግዴታው ለታዋቂውም ለሱቁም ጣሳ እኩል ነው።

ታዲያ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ማስታወቂያና ለሆስፒታሎች የሚታደለው ናሙና ነው። እናት ከሆስፒታል ይዛ የወጣችውን ስም ትታ ሌላ ለመሞከር ትፈራለች። ሌላው፣ በእኔ ግምት ዋናው፣ ዊክ የተባለው የመንግሥት የእናቶችና ሕፃናት ድጎማ ነው። በአገሪቱ ከሚጠጣው ፎርሙላ ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለዊክ ተጠቃሚዎች ነው። እያንዳንዱ ስቴት በጨረታ ከአንድ አምራች ጋር ይዋዋላል፤ አሸናፊውም በዊክ ከተገዛው ጣሳ የጅምላ ዋጋ አብዛኛውን ለስቴቱ ይመልሳል። ለምን ይከስራል? የውሉ ወተት በየሱቁ ሰፊ መደርደሪያ ያገኛል፤ ሐኪሙም ጎረቤቱም የሚያውቀው እሱን ይሆናል፤ ከኪሱ የሚከፍለው ወላጅም ሳያስበው ያንኑ ያነሳል። ለመንግሥት የተቀነሰው የሚካካሰው ሙሉ ዋጋ ከሚከፍለው ከዚህ ወላጅ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሕፃኑ በቀን 28 አውንስ ቢጠጣ በ30 ቀን 840 አውንስ ይሆናል። ተበጥብጦ ለሚጠጣው ለእያንዳንዱ አውንስ ልዩነቱ 8 ሳንቲም ብቻ ቢሆን እንኳ በወር 67 ዶላር ገደማ ነው። ስታነጻጽሩ የጣሳውን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ መጠናቸው ይለያያል። ጣሳው ላይ ስንት አውንስ እንደሚወጣው ተጽፏል፤ ዋጋውን ለዚያ አካፍሉት። የሱቁ ጣሳ ከየትኛው ታዋቂ ምርት ጋር እንደሚነጻጸር ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ሰፍሯል። ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ለላም ወተት አለርጂ ላለበት ወይም ሐኪም የተለየ ፎርሙላ ላዘዘለት ሕፃን ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የሱቆቹ ስም ብዙ ቢሆንም አብዛኛውን የሚያመርተው ፔሪጎ የሚባል አንድ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሲሚላክ አምራች የሆነው የአቦት የሚሺጋን ፋብሪካ ሲዘጋ መደርደሪያው ምን ያህል እንደተራቆተ አይተናል፤ በጥቂት ፋብሪካዎች ላይ የቆመ ገበያ ርካሹንም ውዱንም አያስተማምንም።

ወደ ዊክ ስንመለስ፣ የተጠቃሚዎቹ ካርድ በአብዛኛው የሚገዛው የውሉን ወተት ስለሆነ ምርጫው ለካርድ ያዢዎች ጠባብ ነው። ሆኖም ዊክ የወሩን ፍጆታ በሙሉ እንዲሸፍን የታሰበ አይደለም። ወሩ ሳያልቅ ጣሳው ሲያልቅ፣ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ሕፃኑን እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ የሚችል አደጋ ነው። የጎደለውን በራስ ገንዘብ መሙላት ሲያስፈልግ የሱቁን ጣሳ ማንሳት ይቻላል።