ከካርቲየ 6 የጃዝ አልበም ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?

ካርቲየ 6 በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ በመሆናቸው በአንዱ ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ለጎረቤትም ይሰማል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሙዚቃን ከሰው ጆሮ ማድረስ አያስቸግርም። አስቸጋሪው የሚሰማውን ሙዚቃ ነገም እንዲሰማ አድርጎ መቅረጽ ነው።

የጃዝ አልበም በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ይቀረጻል። እነዚያ ቀናት ፍሬ የሚያፈሩት ግን ከእነርሱ በፊት በተሠራው ሥራ ልክ ነው። ለዚህ ከጅቡቲ ራሷ የተገኘ ምሳሌ አለ።

የሦስት ቀናት ቀረጻ

መቀመጫውን ኒው ዮርክ ያደረገው ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ እአአ በ2019 የጅቡቲ ብሔራዊ ማሠራጫ ባንድ ከሆነው «ግሩፕ አር ቲ ዲ» ጋር አልበም ለመቅረጽ በቃ። ከባለሥልጣናት የተሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነበር። አሳታሚው ተንቀሳቃሽ የመቅረጫ መሣሪያ ይዞ ሄዶ ሥራውን በተሰጠው ቀን አጠናቀቀ። አልበሙ እአአ በ2020 ለዓለም ገበያ ቀረበ።

የባንዱ አባላት መደበኛ ሥራ በመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓቶች ላይ መጫወት ነው። በአልበሙ ላይ ግን የሶማሊ ዜማ ከጃዝ ሳክስፎን፣ ከሬጌ ምትና ከሕንድ ፊልሞች የዘፈን ስልት ጋር ተዋሕዶ ይሰማል። ሳክስፎኑን ሞሐመድ አብዲ «አልቶ»፣ ጊታሩን ከሞቃዲሾ የመጣው አብዲራዛክ ሐጂ ሱፊ ተጫውተዋል፤ ከድምፃውያኑ አንዷ ደግሞ አስማ ኦማር ናት።

ሦስት ቀን ለአንድ ሙሉ አልበም በቂ የሆነው አባላቱ ለዓመታት አብረው የተጫወቱ በመሆናቸው ነው። ማን የት እንደሚገባ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ አስቀድሞ ያውቃሉ። ገና የተሰባሰበ ባንድ ይህንን መግባባት የሚያገኘው በልምምድ ብቻ ነው። የስቱዲዮ ኪራይ በሰዓት በሚታሰብበት ቦታ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው።

ቅኝቱን አስቀድሞ መወሰን

ለምሥራቅ አፍሪካ ጃዝ የዕቅዱ የመጀመሪያ ጥያቄ የዜማው መሠረት ነው። የኢትዮጵያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የሶማሊ ዜማም እንዲሁ ባለ አምስት ድምፅ ነው። የምዕራቡ ጃዝ ደግሞ በ12 ድምፆች ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱ በጥንቃቄ ካልተገናኙ የጃዙ አጃቢ ድምፆች የቅኝቱን መልክ ያጠፉታል።

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የዕድሜ ልክ ሥራው ይኸው ጥያቄ ነበር። ለንደን ውስጥ በትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተኑ በርክሊ ከተማረ በኋላ በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን ምትና ከጃዝ ቅንብር ጋር አገናኘ። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ እአአ በ1972 ወጣ። ባለ አምስት ድምፁ ዜማ መልኩን ሳይለቅ በ12ቱ ድምፆች መታጀብ እንደሚችል ያሳየው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከቀረጻው በፊት እያንዳንዱ ዜማ በየትኛው ቅኝት እንደሚጫወት፣ ኪቦርዱ ምን ያህል እንደሚያጅብና ትንፋሽ መሣሪያዎች የት እንደሚገቡ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ክፍት የሚተወው የእያንዳንዱ ተጫዋች የፈጠራ ቦታ ነው። ያ ካልተተወ ሥራው ጃዝ መሆኑ ይቀራል።

ሙቀት፣ መብራትና ጫት

የጅቡቲ በጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሙቀት የጊታር ክርንና የትንፋሽ መሣሪያን ቃና ያዛባል። አየር ማቀዝቀዣ ቢከፈት ጩኸቱ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል፤ ቢዘጋ ተጫዋቹ ከጥቂት ዜማ በኋላ ይዝላል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ለቀረጻ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላው ወቅት ክፍሉን አስቀድሞ አቀዝቅዞ፣ በቀረጻ ሰዓት መሣሪያውን አጥፍቶ፣ በየዜማው መካከል መልሶ መክፈት የግድ ይሆናል።

መብራትም ይታሰብበታል። ጅቡቲ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ያም ሆኖ ጥንቁቅ የድምፅ ባለሙያ የተቀረጸውን ሁሉ በዕለቱ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ይገለብጣል። በድንገት የጠፋ መብራት የሚያበላሸው ኮምፒውተሩን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሁለተኛ የማይደገመውን የሳክስፎን ጨዋታ ይዞ ሊሄድም ይችላል።

ሌላው የከተማዋ የራሷ ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት እኩለ ቀን አካባቢ ሲደርስ የከሰዓት በኋላው ውሎ መልኩን ይለውጣል። የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ የጸሎት ቀን ነው፤ የረመዳን ወር ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ከመስጊድ የሚሰማውን አዛን ማንም ሊያስቆም አይችልም፤ ሊያስቆምም አይገባውም። የቀረጻው ዕረፍት ከሶላት ሰዓት ጋር እንዲገጥም ማድረግ ግን ቀላል ነው።

የተቀረጸው የማን ነው?

በዕቅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ዘግይቶም የሚያስከፍለው ጉዳይ ይህ ነው። በጅቡቲ ብሔራዊ ማሠራጫ መዝገብ ቤት ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅሎችና ካሴቶች ይገኛሉ። የገዥው ፓርቲ ባንድ የነበረው «4 ማርስ» ሥራዎችም ከዚያ ወጥተው እአአ በ2021 በአልበም ታትመዋል። መንግሥት ባይሰበስባቸው ኖሮ ምናልባት ጠፍተው ይቀሩ ነበር። በሌላ በኩል፣ ቁልፉ በአንድ ተቋም እጅ ሲሆን ሙዚቃው ወደ አድማጭ የሚደርሰው ተቋሙ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያም ልምድ ትምህርት ይሰጣል። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር «ቸበለው»ን እአአ በ1977፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር ደግሞ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በ1978 አወጣ። ከዓመታት በኋላ በዋሽንግተን የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ እአአ በ1985 የሠራውን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ። ሰብሳቢው ሙዚቀኛውን አፈላልጎ ካሴቱን በ2013 ዳግም አሳተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ይህ የሆነው በካሴቱ ላይ ስሙ ስለነበረና በሕይወት ስለተገኘ ነው። ስማቸው ያልተጻፈ አጃቢዎች እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥማቸውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማይክሮፎን ሳይከፈት በፊት ጥቂት ነገሮች በወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል፦ ዜማውንና ግጥሙን ማን ደረሰ? ማን አቀናበረ? ማን የትኛውን መሣሪያ ተጫወተ? ዋናው ቅጂ በማን እጅ ይቀመጣል? ገቢው እንዴት ይከፋፈላል? ከባንዱ አንዱ ቢሞት ድርሻው ለማን ይተላለፋል? በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ሆኖም ማን እንደተጫወተ ካልተመዘገበ መብቱን መጠየቅ አዳጋች ይሆናል።

ከቀረጻው በኋላ

ቀረጻው ሲያልቅ ድምፆችን የማመጣጠንና የመጨረሻውን ቅጂ የማዘጋጀት ሥራ ይቀጥላል። ባንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ከተጫወተ የድራሙ ድምፅ በሳክስፎኑ ማይክሮፎንም ይሰማል፤ ሙቀትና ሕይወት ይሰጣል፣ ግን ስሕተትን ለይቶ ማረም አይቻልም። አንድ በአንድ ከተቀረጸ ማረም ይቻላል፤ ጃዝ የሚኖርበት መደማመጥ ግን ይጎድላል። ይህ ምርጫ ለመጨረሻው ሰዓት ሊተው አይገባም፤ የክፍሉን ስፋት፣ የማይክሮፎኖቹን ብዛትና በጀቱን የሚወስነው እርሱ ነውና።

በሸክላ ለማሳተም ከታሰበ አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ የዜማዎቹ ርዝመትና ቅደም ተከተል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በኢንተርኔት ብቻ ለሚሠራጭ ገደቡ ይላላል።

የ«ግሩፕ አር ቲ ዲ» አልበም ከጅቡቲ ዓለም የሚሰማው ሙዚቃ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። ለዚያ ሥራ አሳታሚውም መሣሪያውም ከውጭ መጥተዋል። የካርቲየ 6 ሙዚቀኛ እንግዳ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ ከአሁኑ ሊጀምራቸው የሚችሉ ሥራዎች አሉ፦ ቋሚ ልምምድ፣ በጽሑፍ የተቀመጠ ቅንብርና የተፈረመ ስምምነት። ሦስቱም ከስቱዲዮ ኪራይ ይረክሳሉ፤ በዕድሜ የገፉት ሙዚቀኞች በሕይወት ሳሉ ካልተሠሩ ግን በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዙም።