የራሊ ተመልካች የት ይቁም?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ እሑድ ጠዋት፣ የመኪና ራሊ ወዳጆች የሆንን ጥቂት የሥራ ባልደረቦችና አብረውን የመጡ ተማሪዎች፣ ሱሉልታ አጠገብ በሚገኝ የጠጠር መንገድ ዳር ቆመን እንከራከር ነበር። ክርክሩ የትኛው መኪና ያሸንፋል የሚል አልነበረም፤ የት እንቁም የሚል ነበር። አንዱ ተማሪያችን የፎቶ ካሜራውን አዘጋጅቶ ከኩርባው ውጨኛ ጠርዝ ላይ ቆመና፣ «ዶክተር፣ እዚህ ይሻላል፤ መኪናው ፊት ለፊት ይመጣልናል» አለን። እውነቱን ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ከአስፋልቱ ጥቂት እልፍ ሲባል የሚገኙት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ዳገታቸውም ኩርባቸውም ለራሊ የተመቸ ነው። ራሊ እንደ ሌላው የመኪና ውድድር ለብቻው የተሠራ ሜዳ፣ የብረት አጥርና የተመልካች መቀመጫ የለውም፤ የሚካሄደው ለጊዜው በተዘጋ ተራ መንገድ ላይ ነው። አሽከርካሪው የሚነዳው ከጎኑ የተቀመጠው ረዳቱ የሚያነብለትን የመንገድ ማስታወሻ እየሰማ ነው። ማስታወሻው የኩርባውን ጥበት ይናገራል እንጂ ከኩርባው ዳር ማን እንደቆመ አይናገርም።

ውድ አንባቢያን፣ መኪና ሲጠመዘዝ ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል አለ ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ግን እንዲህ ያለ ኃይል የለም። ያለው የተገላቢጦሹ ነው፤ በጎማውና በመንገዱ መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ መኪናውን ወደ ኩርባው ማዕከል ይስበዋል። ሰበቃው ለዚህ ሥራ ካልበቃ፣ መኪናው በኒውተን የመጀመሪያ ሕግ መሠረት በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ ይጀምራል። ይህም አቅጣጫ የኩርባው ታካኪ መስመር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። እንደ ጠጠሩ ዓይነት ከፍም ዝቅም ቢል፣ የደረቅ ጠጠር መንገድን የሰበቃ ምጣኔ 0.5 ብለን እንውሰድ። ሬድየሱ 50 ሜትር የሆነን ኩርባ በዚህ መንገድ ላይ ሳይንሸራተቱ ማለፍ የሚቻለው እስከ 57 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ነው። አሽከርካሪው ተሳስቶ በ70 ከገባ፣ ሰበቃው ሊያስጠመዝዘው የሚችለው 76 ሜትር ሬድየስ ባለው ክብ ላይ ብቻ ነው። መንገዱ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለም። በኩርባው ውጨኛ ጠርዝ ላይ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ የቆመ ተመልካች እንግዲህ የቆመው በታካኪው መስመር ላይ ነው። ጥሩ ፎቶግራፍ የሚገኝበት ስፍራና መኪና የሚወድቅበት ስፍራ አንድ የሆኑት ስለዚህ ነው።

«ታዲያ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ እንሻገር» ማለት ግን አይበቃም። የራሊ አሽከርካሪ በጠጠር ላይ ሆነ ብሎ ያንሸራትታል፤ መኪናው በጎኑ እየሄደ አፍንጫው ወደ ኩርባው ውስጥ ያመለክታል። ጎማዎቹ በዚህ ጊዜ ከልቅ ጠጠር ወደ ጠንካራ መሬት ድንገት ቢገቡ ሰበቃው በአንዴ ይመለስና መኪናው አፍንጫው ወዳመለከተበት ይፈተለካል፤ ወደ ውስጥ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ጎማ ያለው የሰበቃ አቅም የተወሰነ ነው። ለፍሬን የዋለው ለመጠምዘዝ አይተርፍም። በደነገጠ ጊዜ ፍሬኑን አጥብቆ የረገጠ አሽከርካሪ መሪውን ቢያዞርም መኪናው የማይታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል። «እኛ ዘንድ መኪናው ስለሚደክም አደጋው ይቀንሳል» የሚል ወዳጅ አለን። ሞተሩ መድከሙ እውነት ነው። ሰበቃው ግን በከፍታ ምክንያት አይጨምርም፤ መኪናው አንዴ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ያው ነው። በዚያው የጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 28 ሜትር፣ በ120 የሚሄደው ደግሞ 111 ሜትር ተጉዞ ይቆማል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። በክረምት ጥቁሩ አፈር ሲርስ ደግሞ ከዚህም እጅግ ይረዝማል።

በ90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የያዘው ጉልበት ያንኑ መኪና 31 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ይበቃል፤ አሥር ፎቅ ያህል መሆኑ ነው። ከአሥረኛ ፎቅ የሚወርድ መኪና ሥር ቆሞ በፕላስቲክ ጥብጣብ የሚተማመን ሰው ያለ አይመስለንም። በመንገድ ዳር ግን ጥብጣቡን እንደ ግድግዳ፣ ቀጭን ባሕር ዛፍን እንደ ምሽግ የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ጥብጣቡ የሚያቆመው ሰውን ነው፤ እሱንም ሰውየው ሲፈቅድ ብቻ።

«ሲመጣ አይቼ እሸሻለሁ» የሚለውስ? በ90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 50 ሜትር ርቀት ላይ መስመሩን ቢስት ከእኛ ዘንድ የሚደርሰው በ2 ሰከንድ ነው። የሆነውን ለመረዳትና ለመወሰን አንድ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። በቀረችው አንድ ሰከንድ፣ ከኋላው ሰው የተደረደረበት ተመልካች ጥቂት እርምጃ ቢራመድ ነው። ዓይኑን በካሜራ ላይ ያሳረፈ ደግሞ ያቺንም አያገኛትም። አቧራውም አለ። ዲያሜትሩ የሚሊ ሜትር 50ኛ የሆነ የአፈር ብናኝ ነፋስ በሌለበት አየር በሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ፣ ከ3 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። መኪኖች በአንድና በሁለት ደቂቃ ልዩነት በሚለቀቁበት ውድድር፣ የፊተኛው አቧራ ሳይረጋ የኋለኛው ይደርሳል። መንገድ አቋርጦ የሚሮጥ ተመልካችና አሽከርካሪ አይተያዩም።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ስሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በፖርቱጋል ራሊ፣ ሲንትራ አጠገብ፣ ዦአኪም ሳንቶስ የሚነዳው ፎርድ አርኤስ 200 መንገዱን ለቆ ሕዝብ መካከል ገባ፤ ሦስት ተመልካቾች ሲሞቱ ከ30 በላይ ቆሰሉ። ሰዉ በዚያ ዘመን መንገዱን ሞልቶ ቆሞ መኪናው ሲቃረብ ገለል ይል ነበር። በግንቦት ወር ደግሞ በኮርሲካ አሽከርካሪው ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ሞቱ፤ ቡድን ቢ የሚባሉት ኃይለኛ መኪኖችም ከ1987 ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጡ። መኪኖቹ ቢቀየሩም ታካኪው መስመር አልተቀየረም፤ በ2015 በስፔን ላ ኮሩኛ፣ በ2024 ደግሞ በስሪላንካ ዲያታላዋ በተካሄደ የመኪና ውድድር በእያንዳንዳቸው ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

ወደ ሱሉልታው እሑድ እንመለስ። ከክርክሩ በኋላ የመረጥነው ከኩርባው በፊት፣ ኮረብታው ተቆርጦ መንገድ የወጣበትን፣ ወደ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ አፋፍ ነበር። ከጫፉም ራቅ ብለን ቆምን። ልብ በሉ፣ የጠቀመን ከፍታው ብቻውን አልነበረም፤ ከላይ እንዳየነው መኪናው አቀበት የመውጣት ጉልበት አያጣም። የጠቀመን የአፋፉ ቀጥ ማለት ነው፤ የሚመጣው መኪና ከእኛ በታች ከአፈሩ ጋር ይጋጫል እንጂ አይወጣም። ተማሪያችን በፎቶው ነገር ቅር ብሎት ነበር።

ስንተኛው መኪና እንደነበር ረስተነዋል። ኩርባው ውስጥ ገባ፣ ተንሸራተተ፣ ጥብጣቡን በጥሶ የታረሰ ማሳ ውስጥ ቆመ። አስተባባሪዎቹ ጥቂት ቀደም ብለው የመንደሩን ልጆች ከዚያ ስፍራ አስነሥተዋቸው ስለነበር የተጎዳ አልነበረም። የመጨረሻው መኪና አልፎ መንገዱ ሲከፈት ልጆቹ ተረባርበው እየገፉ መኪናውን ወደ መንገዱ መለሱት። ተማሪያችን ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ቆመበት ድረስ በእርምጃ ለካና 52 ቆጠረ። እርምጃውን 75 ሳንቲ ሜትር፣ የማሳውን ሰበቃም 0.5 ብሎ እዚያው በማስታወሻው ላይ አሰላ፤ መኪናው ከመንገዱ የወጣው በ71 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ፎቶ ሊያነሳ መርጦት የነበረው ስፍራ በ12ኛው እርምጃ ላይ ነበር።