የአናቶሚ መጻሕፍት ታሪክና በሥዕሎቻቸው ላይ ያሉት ሰዎች

አናቶሚ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙም ቆርጦ መክፈት ማለት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የጤና ባለሙያ የሰውን አካል ውስጠኛ ክፍል በመጀመሪያ የሚያውቀው በቢላዋ ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። ተማሪው ከአስከሬኑ ፊት ከመቆሙ በፊት ሥዕሉን ያያል፤ ከቆመም በኋላ ያገኘውን ሁሉ የሚመዝነው በሥዕሉ ነው። ስለዚህም የአናቶሚ መጽሐፍ ሲሳሳት ከእርሱ የተማረው ትውልድ አብሮ ይሳሳታል። የእነዚህ መጻሕፍት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የደራሲዎች ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ እገሌ ጻፈ፣ እገሌ አረመ ይባላል። ከእያንዳንዱ ሥዕል በስተኋላ ግን ሁለት ሌሎች ሰዎች አሉ። እነርሱም ሥዕሉን የሣለውና አካሉ የተሣለው ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥንቱ ዓለም የሰውን አስከሬን እየከፈቱ በመመርመር የታወቁት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይሠሩ የነበሩት ሄሮፊለስና ኤራሲስትራተስ ናቸው። መጻሕፍታቸው ጠፍተዋል፤ የሥራቸው ፍሬ የሚታወቀው ከእነርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች በጠቀሱት መጠን ብቻ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት በጴርጋሞን ተወልዶ በሮም የሠራው ጌለን የሰውን አስከሬን ለመክፈት አልታደለም። ስለዚህ የሰሜን አፍሪካ ጦጣዎችን፣ አሳማዎችን፣ በሬዎችንና ሌሎችንም እንስሳት መረመረ። ወደ ማንቁርት ተመልሶ የሚወጣው ነርቭ ሲቆረጥ የሚጮኸው አሳማ ወዲያው ድምፁ እንደሚጠፋ በሰዎች ፊት ያሳየው እርሱ ነው። ደም ቅዳዎች የሚይዙት አየር ሳይሆን ደም መሆኑንም አረጋግጧል። ነገር ግን በእንስሳት ያየውን ወደ ሰው በማዛወሩ የሰው የታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተሠራ እንደሆነ፣ የደረት አጥንት ሰባት ክፍል እንዳለው፣ በአንጎል ሥርም በበሬና በበግ የሚገኘው የደም ሥሮች መረብ በሰውም ውስጥ እንዳለ ጻፈ። በቀኝና በግራ የልብ ታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ደም የሚያሳልፉ ስውር ቀዳዳዎች እንዳሉትም አስተማረ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ያለ ብዙ ተቃውሞ ሲጠቀስ ኖረ።

በዚህ መካከል የተቃወመ አልጠፋም። በደማስቆ ተምሮ በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብን አን-ናፊስ በ1242 በጻፈው ሐተታ፣ የልብ ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑንና ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በሳንባ በኩል እንደሆነ ገልጿል። ይህ ሐተታ በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን የእጅ ጽሑፉን እስኪያገኘው ድረስ በሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተረስቶ ቆይቷል። በአውሮፓ ደግሞ የቦሎኛው መምህር ሞንዲኖ ደ ሉዚ በ1316 አናቶሚያ የተባለ የማስተማሪያ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ለአስከሬን ምርመራ መመሪያ እንዲሆን የተዘጋጀ ነበር። አስከሬን ሳይበሰብስ የሚያቆይ ዘዴ ስላልነበረ ትምህርቱ ቶሎ ከሚበላሸው ከሆድ ዕቃ ይጀምርና ወደ ደረት፣ ወደ ራስ፣ በመጨረሻም ወደ እጅና እግር ይሄዳል። ሞንዲኖ የሰው አስከሬን ቢከፍትም ያየውን ያነበበው በጌለን መነጽር ነበር። ከእርሱ በኋላ የተለመደው የትምህርት ሥርዓት ደግሞ መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ጸጉር አስተካካይ የሆነው ቀዳጅ አስከሬኑን የሚከፍትበት ነበር። መጽሐፉና አስከሬኑ ባይስማሙ እንኳ መምህሩ ከወንበሩ ወርዶ አያይም።

ከዚያ ወንበር በመውረድ የታወቀው በብራስልስ በ1514 የተወለደው አንድሬያስ ቬሳሊየስ ነው። በፓሪስ ተማሪ ሳለ ከመቃብር ስፍራ የተቆፈሩ አጥንቶችን ከጓደኞቹ ጋር እየሰበሰበ ዓይኑን ሸፍኖ በመዳሰስ ብቻ የየትኛው አካል አጥንት እንደሆነ በመናገር ይወራረድ ነበር። በ1537 ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ በማግሥቱ እዚያው የአናቶሚና የቀዶ ሕክምና መምህር ሆነ። በመጀመሪያ የጌለን ታማኝ ተከታይ ነበር። በ1538 ባሳተማቸው ስድስት ሥዕሎች ላይ ያንኑ የበሬ የደም ሥሮች መረብ በሰው አንጎል ሥር አድርጎ ሥሎታል። ይባስ ብሎም በሰው አስከሬን ውስጥ መረቡን ማግኘት ስላልቻለ፣ በትምህርት ጊዜ የበግ ወይም የበሬ ራስ አጠገቡ እያኖረ ለተማሪዎቹ ከዚያ ያሳይ እንደነበር ኋላ ራሱ ጽፏል። መጽሐፍ በዓይን ላይ ሊኖረው የሚችለውን ሥልጣን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1540 በቦሎኛ የጦጣና የሰው አጽም ጎን ለጎን አቁሞ ጌለን የገለጸው አካል የማን እንደሆነ ለተመልካች ካሳየ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ28 ዓመቱ፣ ስለ ሰው አካል አሠራር የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን በባዝል ከተማ በዮሐንስ ኦፖሪኑስ ማተሚያ ቤት አሳተመ። ፋብሪካ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ መጽሐፍ በሰባት ክፍሎች የተከፈለ፣ ከ600 በላይ ገጾችና ከ200 በላይ ሥዕሎች ያሉት ነው። ሥዕሎቹ በእንጨት ላይ ተቀርጸው ከቬኒስ ወደ ባዝል የአልፕስ ተራሮችን ተሻግረው ተጓዙ። የሥዕሎቹ ሠዓሊ በመጽሐፉ ላይ አልተጠቀሰም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የታላቁ ሠዓሊ የቲሺያን የሥራ ቤት ውጤት እንደሆኑ ይገምታሉ። ቆዳቸው ተገፎ ጡንቻቸው የሚታይ ሰዎች በፓዶቫ ኮረብታዎች ፊት ቆመው ይታያሉ። ቬሳሊየስ በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እንዳላየ በመጀመሪያው እትም በጥንቃቄ፣ በ1555ቱ እትም ግን በግልጽ ተናገረ። የፓሪስ መምህሩ ሲልቪየስ ክፉኛ ተቆጥቶ ጌለን እንዳልተሳሳተ፣ ከጌለን ዘመን ወዲህ የተለወጠው የሰው አካል እንደሆነ እስከ መከራከር ደረሰ።

ቬሳሊየስ አካሎቹን ያገኘበት መንገድ ግን የትምህርቱን ያህል አይነገርም። በሉቫን ከተማ በር ከተሰቀለ ወንጀለኛ አጽም ሰርቋል። በፓዶቫ አንድ ዳኛ በሞት የተቀጡ ሰዎችን አስከሬን ይሰጠው ነበር። የሴት አካል ሲያስፈልግ ተማሪዎቹ የአንድ መነኩሴ ወዳጅ የነበረችን ሴት ከመቃብር አውጥተው አመጡለት፤ ዘመዶቿ እንዳያውቋትም ቆዳዋን ገፈፉ። ይህን የሚተርከው ራሱ ቬሳሊየስ ነው፤ ሲተርከውም ኃፍረት አይታይበትም። መጽሐፉ በሚታተምበት ዓመት በባዝል በሞት የተቀጣ ያኮብ ካረር የተባለ ሰው አስከሬን ከፍቶ አጽሙን ገጣጥሞ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቷል። ይህ አጽም እስከ ዛሬ በባዝል የአናቶሚ ቤተ መዘክር ቆሟል። የመጽሐፉ የእንጨት ቅርጾች ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥለዋል።

ከእንጨት ቅርጽ ቀጥሎ የመጣው የመዳብ ቅርጽ ይበልጥ ረቂቅ መስመር ለማውጣት አስችሏል። በ1747 የታተመው የላይደኑ መምህር የአልቢኑስ አትላስ፣ በ1774 የታተመው የዊልያም ሃንተር የእርጉዝ ማሕፀን አትላስም በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። የሃንተር መጽሐፍ 34 ትላልቅ ሥዕሎች ሲኖሩት ከመካከላቸው ብዙዎቹ በእርግዝና እንዳሉ የሞቱ ሴቶችን የሚያሳዩ ናቸው። የሣላቸው ያን ቫን ራይምስዳይክ ይባላል፤ የሴቶቹ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

በብሪታንያ በዚያ ዘመን ለአናቶሚ ትምህርት በሕግ የሚሰጠው በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው የተሰቀሉ ሰዎች አስከሬን ነበር። የሕክምና ተማሪ ሲበዛ ይህ አልበቃም፤ መቃብር እየቆፈሩ አስከሬን መሸጥ ንግድ ሆነ። በ1828 በኤድንበርግ በርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰዎችን ገድለው አስከሬናቸውን ለአናቶሚ መምህር መሸጣቸው ተደረሰበት። በ1832 የወጣው ሕግ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። በድሆች መጠለያና በሆስፒታል ሞተው ጠያቂ ዘመድ ያልቀረበላቸው ሰዎች አስከሬን ለትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ፈቀደ። ቀድሞ ለነፍሰ ገዳይ ተጨማሪ ቅጣት የነበረው ነገር ከዚያ በኋላ የድሃ ዕጣ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም ድረስ የሚታተመው የግሬይ አናቶሚ የተሠራው በዚህ ሕግ በተገኙ አስከሬኖች ነው። መጽሐፉ በ1858 በለንደን ሲወጣ 750 ገጾችና 363 ሥዕሎች ነበሩት። ደራሲው ሄንሪ ግሬይ በሴንት ጆርጅ ሆስፒታል ያስተምር የነበረ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሲሆን ሥዕሎቹን የሠራው የሥራ ባልደረባው ሐኪሙ ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር ነው። መጽሐፉን ከቀደሙት የለየው በአብዛኛው የካርተር ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአካል ክፍሎቹን ስም ከሥዕሉ ዳር በፊደልና በቁጥር ከማመልከት ይልቅ በራሳቸው በጡንቻውና በነርቩ ላይ ጻፈው፤ ተማሪውም ሥዕሉንና ስሙን በአንድ እይታ ያዘ። ሆኖም ካርተር የተከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። የርዕሱ ገጽ ለእርማት ሲመጣም ግሬይ የካርተር ስም በትንሽ ፊደል እንዲታተም አዝዟል። ግሬይ በ1861፣ በ34 ዓመቱ፣ በፈንጣጣ ሞተ። መጽሐፉ ግን በስሙ ቀጥሎ 42ኛው እትም በ2020 ወጥቷል። ካርተር ወደ ቦምቤይ ሄዶ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ማዱራ እግር የተከበረ ምርምር አደረገ። በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሚያውቀው ቅማል ወለድ ግርሻ ትኩሳት በሕንድ በረሃብ ዘመን ሲነሣም የበሽታውን ተሕዋስ በታማሚዎች ደም ውስጥ አይቶ ገልጿል፤ ራሱም በበሽታው ተይዟል።

የአካሉ ባለቤት ማን ነበር የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተነሣው በሌላ መጽሐፍ ምክንያት ነው። የቪየናው መምህር ኤድዋርድ ፐርንኮፕፍ በ1933 አትላስ መሥራት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል በ1937 ታተመ። በ1938 ኦስትሪያ በጀርመን ስትያዝ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆኖ አይሁዳውያን መምህራን እንዲባረሩ አደረገ። ከጦርነቱ በኋላ ለሦስት ዓመታት ያህል ታስሮ ቢቆይም ተመልሶ እስከ ሞተበት እስከ 1955 አትላሱን ሲሠራ ኖረ። ሥዕሎቹ ባላቸው ጥራትና በቀለማቸው ውበት በዓለም ዙሪያ ተደነቁ፤ በተለይ የነርቮችን አካሄድ በማሳየት ተወዳዳሪ አልተገኘላቸውም። በጥንቱ እትም ላይ ግን አንዳንድ ሠዓሊዎች ከፊርማቸው ጋር የናዚ መስቀልና የኤስ ኤስ ምልክት አስገብተው ነበር፤ ኋላ በወጡት እትሞች ምልክቶቹ ተፋቁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አትላሱን ሲጠቀምበት የኖረው አሜሪካዊው የአፍ ቀዶ ሐኪም ሃዋርድ እስራኤልና የቶሮንቶው ሐኪም ዊልያም ሳይደልማን አካሎቹ የማን እንደነበሩ ጠየቁ። የቪየና ዩኒቨርሲቲ በ1998 ባወጣው የምርመራ ውጤት የአናቶሚ ተቋሙ በናዚ ዘመን በሞት የተቀጡ ቢያንስ 1,377 ሰዎችን አስከሬን እንደተቀበለ ተገለጸ። ከእነርሱ መካከል አገዛዙን በመቃወማቸው የተገደሉ ነበሩ።

ይህ ሲታወቅ አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት አትላሱን ከመደርደሪያ አነሡት። ለቀዶ ሐኪም ግን ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በ2014 በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሱዛን ማኪነን፣ በእግሯ ላይ ከባድ ሕመም የነበራትን ታካሚ ሲያክሙ ነርቩን ማግኘት ተሳናቸው። የፐርንኮፕፍን ሥዕል አስመጥተው ሲያዩ በደቂቃዎች ውስጥ አገኙት። ሐኪሟ የመጽሐፉን ታሪክ ያውቁ ስለነበር ይህን ማድረግ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሥነ ምግባር ባለሙያዎችን ጠየቁ። ከእልቂቱ የተረፉት ረቢ ጆሴፍ ፖላክ በ2017 የቪየና ፕሮቶኮል በተባለው ሰነድ መልስ ሰጡ። የሰውን ሕይወት ለማዳን የሚረዳ ከሆነ ሥዕሉን መጠቀም ይፈቀዳል፤ ይሁንና የሥዕሉ ምንጭ ታካሚውን ጨምሮ ለሚመለከታቸው ሁሉ ሊነገር ይገባል የሚል ነው። ሰነዱ ሥዕሉን ሲፈቅድ ዝምታውን ከለከለ።

የኮምፒዩተር ዘመንም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አልወጣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1994 ያወጣው ዲጂታል የወንድ አካል በአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ከተከፋፈለ አስከሬን የተገኘ ሲሆን፣ የአካሉ ባለቤት በ1993 በቴክሳስ የሞት ቅጣት የተፈጸመበት ሰው ነው። እርሱ አካሉን ለሳይንስ መስጠቱን በሕይወት ሳለ አስታውቋል፤ በሞት ፍርድ ጥላ ሥር የተሰጠ ፈቃድ ምን ያህል ነፃ ነው የሚለው ክርክር ግን ቀጠለ። ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለትምህርት የሚውል አካል ሰውየው በሕይወት ሳለ በፈቃዱ የሰጠው ብቻ እንዲሆን ጠይቋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን አሁንም በአብዛኛው የሚጠቀሙት በሆስፒታልና በመንገድ ሞተው ጠያቂ ያልተገኘላቸውን ሰዎች አስከሬን ነው።