በ42 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰርን ማፍጠን

የዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ፕሮሰሰር አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማድረግ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ቺፑ ምን ያህል ይችላል ከሚል ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውሃና በቋራ ቆላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን በሚሻገርበት አገር፣ ከቺፑ በፊት መጠየቅ ያለበት ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው አየር ነው።

ፕሮሰሰር ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ ትራንዚስተር የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ስብስብ ሲሆን፣ ሁሉም ሥራቸውን የሚያከናውኑት አንድ የማያቋርጥ ምት እየመራቸው ነው። አንድ ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ለገበያ የቀረበውና ዛሬም በርካሽ በሚሸጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኘው የኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ፣ የማዘርቦርዱን የ100 ሜጋኸርዝ መነሻ ምት በ33 አባዝቶ በ3.3 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ማባዣው ያልተቆለፈ መሆኑን ስለምታመለክት፣ ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ባዮስ በተባለው የማስተካከያ ገጽ ገብቶ ማባዣውን ወደ 45 ቢያሳድገው ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ይህን ያህል ትርፍ የሚገኘው ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ቺፖች እኩል ብርታት ስለሌላቸው፣ አምራቹም ደካማው ጭምር በክፉ ሁኔታ ሊሸከመው የሚችለውን ፍጥነት መርጦ ስለሚጽፍባቸው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ የመነሻ ምቱ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲነሳለት በ300 ፋንታ በ450 ሜጋኸርዝ ይሠራ ስለነበር፣ ርካሹ ቺፕ ከውድ ወንድሞቹ ጋር ተፎካክሯል።

ፍጥነቱ ግን በሙቀት ይከፈላል። እያንዳንዱ ትራንዚስተር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንደሚሞላና እንደሚፈስ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ስለሚያገለግል፣ ምቱ በበዛ ቁጥር መሙላቱና መፍሰሱም ይበዛል፤ በተጨማሪም በአጠረው ጊዜ ውስጥ ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ማለትም የበለጠ የኤሌክትሪክ ግፊት ይጠይቃል። ከፍጥነቱ ጋር ሙቀቱ በቀጥታ ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል፣ ጉዳቱም የሚብሰው በዚህ በኋለኛው ነው። ኢንቴል ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ የሰረዘውና ኢንዱስትሪው ፊቱን ባለብዙ ኮር ወደሆኑ ፕሮሰሰሮች ያዞረው ይህ የሙቀት ዕዳ እየከበደ በመምጣቱ ነው።

ነገሩ በመተማ ምን እንደሚመስል ለማየት በዚያው አይ5-2500ኬ ላይ ቀላል ስሌት መሥራት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ሙቀት 95 ዋት፣ ቮልቴጁ 1.2 ነው ቢባል፣ ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁ 1.35 ሲደረግ የሚያወጣው ሙቀት ወደ 164 ዋት ይደርሳል፤ የፍጥነቱ ጭማሪ 36 በመቶ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ከ70 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። መጠነኛ የሆነ ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ለአየሩ የሚሰጥ ባለክንፍ ብረት፣ ከማራገቢያው ጋር ለእያንዳንዱ ዋት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከአካባቢው አየር በ0.4 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል ቢባል፣ ፕሮሰሰሩ በመደበኛ ፍጥነቱ ከአየሩ በ38 ዲግሪ፣ ኦቨርክሎክ ሲደረግ ደግሞ በ66 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ኬዝ በሚባለው ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ 10 ዲግሪ ይሞቃል ተብሎ ሲታሰብ፣ 20 ዲግሪ በሆነ የጎንደር ክፍል ውስጥ መደበኛው 68፣ የተፋጠነው 96 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ፤ ይኸው ኮምፒውተር የቆርቆሮ ጣሪያ ባለውና 42 ዲግሪ በደረሰ የመተማ ክፍል ውስጥ ሲገባ መደበኛው ራሱ 90 ይሆናል፣ የተፋጠነው ግን ለፕሮሰሰሩ የተወሰነለትን የ98 ዲግሪ ገደብ አልፎ ወደ 118 ይገሰግሳል። ማራገቢያው ምንም ያህል ቢፈጥን ፕሮሰሰሩን ከሚነፍስበት አየር በታች ሊያቀዘቅዘው ስለማይችል፣ በውሃ ቱቦ የሚያቀዘቅዘው ውድ መሣሪያም ቢሆን ውሃው መልሶ በዚያው አየር ስለሚበርድ፣ የአየሩ 22 ዲግሪ ጭማሪ ሳይሸራረፍ ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል።

118 ዲግሪ በተግባር አይታይም፤ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሠራል፣ ይህም ትሮትል ማድረግ ይባላል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝን ውጤት አለ። በኬዙ 52 ዲግሪ አየር ውስጥ እስከ ገደቡ የሚቀረው 46 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ 115 ዋት ብቻ ይፈቀድለታል፣ በ1.35 ቮልት ደግሞ ይህ የሚበቃው ለ3.2 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በቀትር የመተማ ሙቀት የተፋጠነው ኮምፒውተር ካልተፋጠነው ባለ3.3 ጊጋኸርዝ ወንድሙ ሊዘገይ ይችላል፣ ባለቤቱም የሚያየው ማባዣው ላይ የተጻፈውን 45 እንጂ በኮምፒውተሩ የሚያቀናብረው የሠርግ ቪዲዮ ለምን እንደዘገየ አይደለም።

አየሩ ሲሞቅ አቅም ይቀንሳል የሚለው ሕግ የፕሮሰሰር ብቻ አይደለም። ከሸሂዲ ተነስቶ መተማን አቋርጦ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ መስመር እንኳ ሽቦው ሲሞቅ ስለሚረግብና ወደ መሬት ስለሚቀርብ፣ ሊሸከም የሚችለው ኃይል በሞቃት ቀትር ከቀዝቃዛ ሌሊት ያነሰ ነው።

ቆላው በአንድ በኩል ደጋውን ይበልጣል፣ ይህም ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነገር ነው። ማራገቢያ የሚያመላልሰው የአየር ይዘት እንጂ የአየር ክብደት ስላልሆነ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ያለው ስስ አየር ከመተማው አየር ያነሰ ሙቀት ይሸከማል፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በ40 ዲግሪ እንኳ ከጎንደሩ የ20 ዲግሪ አየር በአሥር በመቶ ገደማ ይወፍራል። ጥቅሙ ግን ጥቂት ዲግሪዎችን ከመመለስ አያልፍም፣ የ22ቱን ዲግሪ ልዩነት አይሽረውም።

ሙቀቱ የሚለካው በፕሮሰሰሩ አካል ውስጥ በተቀበሩ ሰንሰሮች ነው። በሲሊከን ላይ የተሠራ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አካል፣ በውስጡ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚያሳየው ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሁለት ሚሊቮልት ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሰንሰሩ ይህን ቅናሽ አንብቦ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚነበበው ከገደቡ ስንት ዲግሪ እንደቀረ ነው፤ ኮር ቴምፕና ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ቀሪ ከገደቡ ቀንሰው ዲግሪውን በስክሪን ላይ ያሳያሉ። ሰንሰሩ የተስተካከለው ገደቡ አካባቢ እንዲታመን ስለሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ሊሳሳት ይችላል፤ በአንዳንድ የቆዩ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ ከክፍሉ ሙቀት በታች የሆነ፣ ሊሆን የማይችል ቁጥር የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ የቆላ ተጠቃሚ ከስክሪኑ ቁጥር ጎን አንድ ተራ ቴርሞሜትር ከአየር ማስገቢያው አጠገብ አስቀምጦ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሌላ አገር የተለካ 75 ዲግሪ ለመተማ ምንም አይናገርም፣ «ከአየሩ በ50 ይበልጣል» የሚል መረጃ ግን ወደ መተማ ተሻግሮ ይሠራል።

ልዩነቱ በጊዜ ብዛት እያደገ ከሄደ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የአቧራው ወይም የቴርማል ፔስቱ ነው። በበጋ ከጥርጊያው የሚነሳው ደቃቅ አቧራ፣ በሰሊጥና በማሽላ ወቅት ደግሞ የገለባው ብናኝ በማራገቢያው እየተሳበ በሂትሲንኩ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ማራገቢያው ሲነሳ ከሥሩ የሚገኘው ግራጫ ድር አንዳንዴ በጣት ተጠቅልሎ እንደ ጨርቅ ይወጣል። ቴርማል ፔስት ደግሞ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ለዓይን የማይታየውን ክፍተት የሚሞላ ቅባት ሲሆን፣ አየር ከብረት እጅግ ያነሰ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ ቅባቱ ሲደርቅ ጥሩው ሂትሲንክ ራሱ ዋጋ ያጣል።

ከአየሩ በታች መውረድ የሚቻልበትን መንገድ ግን የመተማ እርሻ ሠራተኛ በእጁ ያውቀዋል። ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልሎ ጆንያውን አርጥቦ ጥላ ሥር ሲያስቀምጠው፣ ውሃው ከጆንያው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የሚጠጣውን ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዞ ያገኘዋል። በእርጥብ ገለባ ወይም ወረቀት ውስጥ አየር የሚነፍሰው የክፍል ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ በደረቁ መጋቢት የክፍሉን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፤ በእርጥቡ ክረምት ግን አየሩ ራሱ በተን ስለሚሞላ ጥቅሙ ይደክማል፣ እርጥበቱም ለማዘርቦርዱ አይበጅም።

ለዚህ አገር ከኦቨርክሎክ የሚሻለው ተቃራኒው፣ አንደርቮልት የሚባለው፣ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። አምራቹ ለደካማው ቺፕ ብሎ የጨመረው ቮልቴጅ ለብርቱው ትርፍ ስለሆነ፣ በምሳሌው ፕሮሰሰር 1.2 ቮልት ወደ 1.1 ቢወርድ ሙቀቱ ከ95 ወደ 80 ዋት ይወርዳል፣ በ52 ዲግሪ አየር ውስጥም ፕሮሰሰሩ ከ90 ወደ 84 ዲግሪ ይመለሳል፣ ፍጥነቱም አይቀንስም። ስድስት ዲግሪ ትንሽ አይደለም፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች የሚባሉ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ዕድሜ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር የታወቀ ነው።

ይህን ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩን የሚፈትነው ከባድ ሥራ በማሠራት ነው፤ ጆርጅ ዎልትማን ታላላቅ ቀዳማዊ ቁጥሮችን ለመፈለግ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ፕሮጀክት የመጣው ፕራይም95 ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ስለሚያሠራ ለዚህ ተመራጭ ሆኗል፣ የሙቀቱ ቁጥር መውጣቱን እስኪያቆም ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበቃል። ፈተናው ግን መደረግ ያለበት በነሐሴ ማለዳ ሳይሆን በመጋቢት ቀን ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኬዙ ተዘግቶና ኮምፒውተሩ ወትሮ ከሚቀመጥበት ቦታ ሳይነሳ ነው።