ወረቀቱና ቆጣሪው

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀውን የሕንፃዎች ኃይል አጠቃቀም መመሪያ አባል አገሮች በሕጋቸው የሚያካትቱበት ቀነ ገደብ ሜይ 29 ቀን 2026 ነው። መመሪያው ከ2028 ጀምሮ አዳዲስ የመንግሥት ሕንፃዎች፣ ከ2030 ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ሕንፃዎች በሙሉ እጅግ ጥቂት ኃይል እንዲፈጁ፣ በቅጥራቸው ውስጥም ነዳጅ አቃጥለው ካርቦን እንዳይለቁ ያዛል። መሠረት ሳይቆፈር የሚሠራው የኃይል ቆጣቢነት ግምገማ ይህን ያህል ክብደት ኖሮት አያውቅም።

አሠራሩ ይታወቃል። ገምጋሚው የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የመስኮቱን ሙቀት የማሳለፍ መጠን፣ የሕንፃውን አቅጣጫና የማሞቂያውን ዓይነት ከንድፉ ላይ ወስዶ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባል። ውጤቱ በካሬ ሜትር በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚናገር ቁጥር ነው። በ1990 የተጀመረው የእንግሊዞቹ ብሬአም፣ የአሜሪካው ሊድ፣ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ኤጅ፣ ሁሉም የሕንፃ ምዘና ሥርዓቶች ሆነው የየራሳቸውን ነጥብና ማኅተም ይሰጣሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ከገባበት በኋላ ቆጣሪው ምን ይላል? በስሌቱና በቆጣሪው መካከል ያለው ልዩነት ባለሙያዎችን ለዓመታት አከራክሯል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የሙቀት መከላከያው ሲገጠም ክፍተት ይተዋል፤ በንድፉ የተመረጠው መስኮት በርካሽ ይተካል፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ በወጉ ሳይስተካከል ነዋሪዎች ቁልፍ ይረከባሉ። እንግሊዝ በ2022 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ እያንዳንዱ አዲስ ቤት የአየር ማሳለፍ ፍተሻ እንዲደረግለት፣ የተሸፈነው ሥራም በፎቶግራፍ እንዲመዘገብ አስገድዳለች። ፍተሻው ሲካሄድ ማየት ደስ ይላል። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጠማል፣ የውስጡና የውጪው ግፊት ልዩነት 50 ፓስካል እንዲደርስ ይደረጋል፣ ከዚያ ጭስ ሲለቀቅ በሶኬቱ ጀርባና በቧንቧው ዙሪያ የቀረው ሽንቁር ሁሉ ይጋለጣል።

ለእኔ ከሁሉም ልቆ የሚታየኝ የአውስትራሊያው የምዘና ሥርዓት፣ ናበርስ ነው። ለቢሮ ሕንፃ ኮከብ የሚሰጠው የ12 ወር የቆጣሪ ንባብ ታይቶ ነው። አልሚው ገና በንድፍ ላይ ሳለ ይህን ያህል ኮከብ አገኛለሁ ብሎ ውል ይፈርማል፤ ሕንፃው ተከራይቶ ዓመት ሲሞላው በቃሉ ይመዘናል። በአገሪቱ በ2010 የወጣው ሕግ ትልልቅ ቢሮዎች ሲሸጡና ሲከራዩ ደረጃቸውን እንዲያሳውቁ ስላስገደደ፣ ኮከቡ ለኪራይ ገበያው መነጋገሪያ ሆነ። በጀርመን ዳርምሽታት በ1991 አራት ቤተሰቦች የገቡበት ለማሞቂያ እጅግ ጥቂት ኃይል እንዲፈጅ የተነደፈው የመጀመሪያው ፓሲቭ ሃውስም የተከበረው በስሌቱ ብቻ አይደለም። ለማሞቂያ የሚፈጀው ኃይል ነዋሪ ገብቶበት በተግባር ተለክቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለአውሮፓ ክረምት የተሰላ ቀመር እንዳለ ቢገለበጥ አይሆናትም። እዚህ ችግሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰውና ወደ ምዕራብ የዞረው ፎቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ሠራተኛው መጋረጃ ዘግቶ መብራት ያበራል፣ ቀጥሎ ኤር ኮንዲሽነር ይገዛል። የመስኮቱ ስፋት፣ የፀሐይ መከለያውና ነፋሱ የሚገባበት አቅጣጫ በንድፍ ላይ ቢገመገሙ ይህ ሁሉ ወጪ በአብዛኛው ባልኖረ ነበር። ግምገማው ግንባታ ፈቃድ ላይ ማብቃትም የለበትም። የመጠቀሚያ ፈቃድ የወሰደ ትልቅ ሕንፃ ከዓመት በኋላ የቆጣሪ ንባቡን እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ቁጥሩ ለክፍያ ሲባል መነበቡ ስለማይቀር፣ የጎደለው ከንድፉ ጋር አስተያይቶ የሚጠይቅ አካል ነው።